ሁሉም እጁን አውጥቷል

ኅዳር 3

ለሚጢጢ አባት፣

ስለ ጤናህ ከመጠየቄ በፊት ስንሰነባበት ለጠየቅከኝ ልመልስ። አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ያን ለት ደረቴን ነፍቼ አውቶቡሱ ላይ ስወጣ፣ የሽመና ክፍል ሴቶች መስኮቱን እየደበደቡ ‹አይዞሽ› ሲሉኝ፣ የበሩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ አልለቅም ብዬ ነበር። አንተ እንዳየኸኝ ገብቶኛል፤ ሻንጣውን አልሰጥም ብለህ እስከ ወንበሬ ድረስ ይዘህ የገባኸው ለዚህ ነው። ለማንም ስላልተናገርክ እግዜር ይስጥህ።

ማረፊያዬ ደህና ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አልጋው ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ግድግዳውን ይነካል። በመስኮቱ የሚታየኝ የጎረቤት ሕንፃ የውሃ ቱቦ ብቻ ነው። ከሥር ልብስ ማጠቢያ ቤት ስላለ ቀኑን ሙሉ የእንፋሎት ሽታ ይወጣል። በፋብሪካው ጨርቅ የምንተኩስበትን የኛን ማጠናቀቂያ ክፍል ስለሚያስታውሰኝ አልጠላሁትም።

በስልክ ነገር አትለምነኝ። ድምፅህን መስማት አምሮኛል፣ የሚጢጢንማ አታንሳብኝ። ግን ተጠሪ አድርገው ሲመርጡኝ ምን እንደተማማልን ታውቃለህ። ያለፈው ተጠሪያችን በስልክ ‹እስቲ እናያለን› ያላትን ቃል አንዱ ‹ተስማማ› ብሎ፣ ሌላው ‹ሸጠን› ብሎ ወሰዳት፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከማንም ሠራተኛ ጋር ለብቻዬ አላወራም፤ ባሌም ብትሆን ሠራተኛ ነህ። የምለው ሁሉ በወረቀት ይመጣል፣ አንተ አዳራሹ ውስጥ ለተሰበሰበው ሠራተኛ ታነበዋለህ፣ አዳራሹ እጅ ያወጣል፣ የወሰኑትን ትጽፍልኛለህ። አንባቢ ያደረጉህም ድምፅህ ከማሽን በላይ ስለሚሰማ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

እንደተባባልነው፣ ከመስመሩ በላይ ያለው የቤታችን ነው። ከመስመሩ በታች ያለው የአዳራሹ ነው።

———

ለአዳራሹ፦ ዛሬ በዋናው መሥሪያ ቤት ተቀብለውኛል። ሥራ አስኪያጁ የሽመና ክፍሉ ይዘጋል፣ ማሽኖቹ ወደ ሌላው ፋብሪካ ይሄዳሉ፣ ሸማኔዎቹም ይሰናበታሉ ይላል። እኔም ያላችሁኝን ብያለሁ፤ ሸማኔዎቹ አንድም ሰው ሳይቀር ወደ ፈትል፣ ወደ ማቅለሚያና ወደ ማጠናቀቂያ ይዛወሩ፣ እስከዚያ በፋብሪካው ውስጥ ማንም ማሽን አያስነሳም። የኩባንያው ቃል አቀባይ የሚባል፣ ሲያወራ ከንፈሩ የማይንቀሳቀስ ሰውም አብሮ ተቀምጦ ነበር። ‹ከእንግዲህ የምናነጋግረው አንቺን ብቻ ነው› ብለውኛል። ምን ልበላቸው?


ኅዳር 9

የኔ አፈ ጉባኤ፣

ደብዳቤሽ በአውቶቡሱ ሹፌር የኋላ ኪስ ውስጥ ተቀምጦበት፣ ተጨማዶ ደረሰኝ። በብረት ምጣድ ሥር አድርጌ አስተካክዬ ነው ያነበብኩት።

አዎ፣ የሚጢጢን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። ማን ይሥራላት ታዲያ? ሠርቼ ስጨርስ መስታወት ፊት ቆመች፣ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ከዚያ ሄዳ ኮፍያዋን አደረገች። ያንቺ ልጅ መሆኗን በዚህ አወቅሁ። ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ ማታ ማታ ደግሞ ‹እማዬ አሁን ማንን እየተቆጣች ይሆን?› ትለኛለች። ‹ሥራ አስኪያጁን› ስላት ደስ ብሏት ትተኛለች።

እኔ ደህና ነኝ። ማቅለሚያው ስለቆመ ጥፍሬ መንጣት ጀምሯል። የሰው እጅ ሊሆንልኝ ነው።

———

ከአዳራሹ፦ ቦታ ጠፍቶ ሰው መስኮት ላይ ተሰቅሎ ነበር የሰማሽ። እንደጨረስኩ አክስታችን የምንላቸው፣ ሽመና ክፍሉን በሙሉ ያሠለጠኑት ሴትዮ፣ ተነሡና ‹ግማሻችሁን እንውሰድ ማለታቸው አይቀርም። ያን ሲሉ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ አይሆንም በያቸው። ወይ ሁላችን ወይ ማንም› አሉ። እንግዲህ ያኔ የነበረውን ጭብጨባ ልጽፍልሽ አልችልም። ፈታዮቹ፣ ማጠናቀቂያዎቹ፣ እኛ ማቅለሚያዎቹ፣ ሁሉም እጁን አውጥቷል።


ኅዳር 25

ለሚጢጢ አባት፣

ይቅርታ፣ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩህ። የምጽፈው ስላጣሁ ነው። ጠዋት እሄዳለሁ፣ ኮሪደር ላይ ያስቀምጡኛል፣ ጸሐፊዋ ‹አሁን ይጠሩሻል› ትለኛለች፣ ወደ ምሳ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ‹ነገ› ይሉኛል። እንዲህ ደጅ ስጠና ሰነበትኩ። ሲጠሩኝም ሻይ ሳይቀዘቅዝ በሚያልቅ ጊዜ ውስጥ ነው የሚያሰናብቱኝ።

ከስቻለሁ ወይ ላልከው፣ ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ሌላ አትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅ። እነሱ ከጠረጴዛው ማዶ ተደርድረው ይቀመጣሉ። በኔ በኩል ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። እኔ ግን ብቻዬን የሆንኩ አይመስለኝም። አዳራሹ በሙሉ ከጀርባዬ የቆመ ይመስለኛል፣ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ያ ባይኖር ገና በመጀመሪያው ቀን ‹እንደፈለጋችሁ› ብዬ እወጣ ነበር። ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ፤ እኔ ብቻዬን ምንም አይደለሁም።

ሚጢጢን ሳምልኝ። ፀጉሯን ለጎረቤታችን ለፈታይዋ ስጣት፣ እባክህ ልጄን አታሰቃይብኝ።

———

ለአዳራሹ፦ አዲስ ነገር የለም። ሊያደክሙኝ ነው የፈለጉት። እናንተ ከጸናችሁ እኔ ኮሪደሩ ላይ አረጃለሁ እንጂ አልነሣም። አላችሁ ወይ?


ታኅሣሥ 4

የኔ አፈ ጉባኤ፣

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ። ሚጢጢን ትንሽ አተኩሷት ነበር። አሁን ደህና ናት፣ ከትናንት ጀምሮ በምግብ መነታረክ ስለጀመረች ተሽሏታል ማለት ነው።

ፎርማኑ ሰፈር ውስጥ ይዞራል ወይ ላልሽኝ፣ ይዞራል። ፎርማን ሌላ ምን ሥራ አለው? ሲመጣም ሻይ አላፈላሁለትም። ፈታይዋ ለምን ሰላምታ እንዳልላከችልሽ ጠይቀሽኛል፤ ሥራ በዝቶባት ነው። የቤት ሥራ ማለቴ ነው። የሚጢጢን ፀጉር በቅዳሜ ቅዳሜው ትሠራላታለች፤ ስለዚህ ልጅሽ ኮፍያውን አውልቃለች።

ብዙ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ እጄ ደክሞታል። ከደብዳቤው ማጠር የተነሣ ምንም እንዳታስቢ።

———

ከአዳራሹ፦ አለን ብለዋል። ሰው ሞልቷል። በርቺ ብለዋል። ሁሉም እጁን አውጥቷል።


ታኅሣሥ 8

ለሚጢጢ አባት፣

አታስቢ ስላልከኝ ማሰብ ጀመርኩ። ገጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትሞላው ሰውዬ ግማሽ ገጽ ጽፈህ ትተወኛለህ? ጥግ ላይ ደግሞ የአውራ ጣትህ ምልክት አለ፣ ሰማያዊ። ማቅለሚያው ከቆመ ስንት ጊዜው፣ ጥፍርህ ነጥቷል አላልከኝም ነበር? ታመሃል እንዴ? የደበቅከኝ ነገር ካለ ንገረኝ፤ ሕመም ከሆነ ጥዬ እመጣለሁ።

ትናንት ቃል አቀባዩ ‹ሰዎችሽ እኮ እየገቡ ነው› አለኝ። ሳቅሁበት። ደብዳቤህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ፊቱ ላይ ላነብለት ምንም አልቀረኝም። ያልሞከሩት ነገር የለም፤ እኔን ግን ከናንተ የሚለየኝ አላገኙም።

አሁን የምልህን ለማንም እንዳታነብ። ከመስመሩ በታች ያለውን ሐሳብ እኔ ብሆን እቀበለዋለሁ። ግማሽ ሰው ማዳን ማንንም ካለማዳን ይሻላል። ማሽኖቹን ለመጫን መኪና እንደተከራዩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የሚያስፈራሩን አይመስለኝም። ግን የኔ ሐሳብ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም፣ ተጠሪ ነኝ። ስታነብ ፊትህ ላይ የኔን ልብ እንዳያዩት ዓይንህን ከወረቀቱ አታንሣ። እነሱ ይወስኑ።

———

ለአዳራሹ፦ ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻ ሐሳብ ነው ያለውን ሰጥቶኛል። ከሸማኔዎቹ ግማሾቹ ወደ ሌሎች ክፍሎች ይዛወራሉ፣ ግማሾቹ የስንብት ክፍያ ተቀብለው ይሄዳሉ። ማን ይቅር ማን ይሂድ የሚለውን እናንተ ትመርጣላችሁ። ‹አይሆንም› ካላችሁ ሐሳቡን ያነሣል፣ ማሽኖቹም ይጫናሉ። እስከ ወሩ አጋማሽ መልስ ይፈልጋል። በደንብ ተነጋገሩበት። እጅ ስታወጡ ጎረቤታችሁን አትዩ።


ታኅሣሥ 12

የኔ አፈ ጉባኤ፣

አልታመምኩም። ምልክቱን ለጠየቅሽኝ፣ ባዶ በርሜሎቹን ከፀሐይ ለማንሣት ረድቼ ነበር፤ ትራፊ ቀለም ነክቶኝ ነው። እንዴት ያለ ዓይን ያለሽ ሴት ነሽ።

ሚጢጢ ትስምሻለች። ደህና ነን።

———

ከአዳራሹ፦ ከነመስኮቱ ሞልቶ ነበር። ሐሳቡን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ተነጋገሩበት። ውሳኔው እንደ በፊቱ ነው፣ ግማሽ የሚባል አይቀበሉም። ሁሉም እጁን አውጥቷል።


ታኅሣሥ 21

ለሚጢጢ አባት፣

በዚህ ደብዳቤ ላይ መስመር የለም። አንተም ስትመልስልኝ አታስምር።

‹አይሆንም› አልኳቸው። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ሥራ አስኪያጁ ‹እርግጠኛ ነሽ?› ሲለኝ ‹እርግጠኛው አዳራሹ ነው፣ እኔ አይደለሁም› አልኩት። የብዕሩን ክዳን ገጠመ፣ ፋይሉን ዘጋ። ደረጃውን ስወርድ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብነግርህ ታፍርልኛለህ። እኔ በልቤ ተሸንፌ ነበር፣ እነሱ ግን አልተሸነፉም፣ ከኔ ይበልጣሉ እያልኩ ነበር የምወርደው።

ከትናንት ወዲያ ጠሩኝ። ማሽኖቹ ተጭነው ሄደዋል፣ ከእንግዲህ የምንነጋገርበት የለም አሉኝ። ስወጣ ቃል አቀባዩ ተከተለኝ። ወደ ቢሮው ወስዶ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ቀዳልኝ። ሲያዝንልኝ ሳይ ደነገጥኩ። ‹እኔ የማላምንበትን ስናገር ኖሬያለሁ› አለኝ፣ ‹ግን ቢያንስ የላከኝ አለ። አንቺን ማን ነው የላከሽ?›

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ከመሳቢያው ውስጥ የፈትል ቱባ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አደረገልኝ። ባለፈው ሳምንት ከኛ ፋብሪካ ተቀልሞ የመጣ ነው አለ፤ ሽመናው ወደዚያኛው ፋብሪካ ሲሄድ ፈትሉና ቀለሙ ከኛ ነው የሚሄደው። በእጄ ያዝኩት። ሰማያዊ ነው። ያንን ሰማያዊ አውቀዋለሁ። ከሁሉም በኋላ ጥቁሯን ጠብ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀድሞ ይጨምርና ያጨልመዋል። ስንጋባ አንተ ቀልመህ ያለበስከኝ የብርድ ልብስ ቀለም ነው እኮ፣ እንዴት አላውቀውም!

ውሃውን እንኳ ሳልጠጣ ነው የወጣሁት።

ወደ ሥራ መመለስህን አልጠይቅህም፤ እሱን አይቻለሁ። የምጠይቅህ ሌላ ነው። ያን ለት፣ የመጨረሻውን ሐሳብ ስታነብ፣ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?


ታኅሣሥ 26

ሦስት።

አክስታችን፣ ማሽን ዘይት የሚቀቡት ሽማግሌና እኔ ነበርን። ሽማግሌው እንደማይሰሙ ታውቂያለሽ። አክስታችን እጃቸውን ሲያወጡ አዩና አወጡ። እኔም አወጣሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ የማጠናቀቂያ ሰዎች ቀሩ። ፎርማኑ ቤት ለቤት እየዞረ ‹ቀድሞ የገባ ቦታው ይጠበቅለታል› ይላቸው ነበር። በማግስቱ በጓሮ በር ገቡ። ከዚያ ፈታዮቹ። ጎረቤታችን መንገድ ላይ ስታገኘኝ ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለችኝ፣ ፊቷን አዞረች። ሸማኔዎቹማ የሚገቡበት ክፍል ስለሌለ አንዷ ጆንያ ልትሰፋ፣ አንዷ ሰው ቤት ልታጥብ፣ አንዷ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ሰው በሌለበት አዳራሽ የሚመጣ ማን አለ? አንድ ቀን ጠዋት ማን ማን እንደገባ ልይ ብዬ ጓሮው በር ላይ ቆምኩ። ፎርማኑ ‹ግባ እንጂ› አለኝ። ገባሁ። ፈርቼ ነው የገባሁት።

የዚያኑ ሰሞን ነው ደብዳቤሽ የደረሰው። አዳራሹ ከጀርባዬ ቆሟል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል ያልሽበት። አንብቤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማንም የለም ብዬ ብጽፍልሽ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደምትወድቂ ታየኝ። አንድ ሳምንት ልዋሽላት፣ እስከዚያ ሰዉ ይመለሳል አልኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሆነ። መመለሻው ጠፋኝ።

‹እኔ ብሆን እቀበለዋለሁ› ያልሽውን አንብቤያለሁ። ወረቀቱ እስኪሳሳ አንብቤዋለሁ። ለምን ‹ተቀብለናል› ብዬ እንዳልጻፍኩ ትጠይቂኛለሽ። ማን ተቀበለ ልበል? ግማሹን ሸማኔ አስወጥቼ ግማሹን የማስገባ እኔ ማን ነኝ? አዳራሹ ሞልቶ ሳለ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ‹ግማሽ አንቀበልም› የሚል ነበር። እሱን ጻፍኩልሽ። ‹የኔን ሐሳብ እንዳታነብ› ብለሽኝም ነበር፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ ለሁለት ሰው አነበብኩ። ሕጋችንን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ?

የሸማኔዎቹን ቤት ዞሬ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ ወጥቼም ነበር። ግን ጥፍሬን ያዩታል ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ።

አንቺ ከኔ ይልቅ ስድብ ታውቂያለሽ፣ የፈለግሽውን ጻፊልኝ።


ጥር 7

ለሚጢጢ አባት፣

ይቅር ብዬህ እንደሆነ በየደብዳቤው አትጠይቀኝ፤ አላውቅም። አንዳንድ ቀን እንደ ልጅ ስታለቅስ ይታየኝና አንጀቴን ትበላኛለህ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያቺን ‹ከነመስኮቱ ሞልቶ ነበር› ያልካትን አስታውሼ ግድግዳውን በጡጫ እመታለሁ። መስኮቱን ምን አስጨመረህ? ሰው ሊዋሽ ‹ሞልቷል› ብሎ አይተውም?

አሁን የምነግርህን አድርጌ ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ አትከራከረኝ። ‹አይሆንም› ስላልን ሸማኔዎቹ የስንብቱንም ክፍያ አጥተዋል። ኩባንያው ደግሞ ነገ ሸማኔዎቹ ‹ያቀረባችሁልንን እኛ አልሰማንም፣ አልተጠየቅንም› ብለው እንዳይከሱት ይፈራል። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ሰው እንዲሆን ፈለገ። ቃል አቀባዩ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ‹የሠራተኞቹን ውክልና ሳልይዝ፣ ሐሳቡን ሳላሳውቃቸው፣ በራሴ ፈቃድ እንቢ ብያለሁ› ይላል። ከፈረምኩ ክፍያው ለሁሉም ሸማኔዎች ይለቀቃል። ካልፈረምኩ ማንም ምንም አያገኝም።

ወደ ባዶ ክፍሌ ተመልሼ አንድ ቀን አሰብኩ። ‹ውክልና ሳልይዝ› የሚለው ላይ ስደርስ የምከራከርበት አጣሁ፤ እውነት ነው። ለነዚያ ሴቶች ላገኝላቸው የምችለው የቀረኝ ይህ ብቻ ነበር። ፈረምኩ። የሆነውን ነግሬው ነበርና ቃል አቀባዩ ‹ባልሽ ቢጠየቅ ይሻል ነበር› አለኝ። እሱን እንዳይነካው አልኩት። ወረቀቱን ጋዜጣ ላይ አውጥተው በፋብሪካው በር ላይ እንደሚለጥፉትም ነግሮኛል።

እንግዲህ አደራህን ስማኝ። አፍህን እንዳትከፍት። እኔ ከሥራ ወጥቻለሁ፣ አንተም ከተባረርክ ሚጢጢ ምን ትበላለች? ይሰድቡኛል፤ ይስደቡኝ፣ እዚህ ሆኜ አይሰማኝም። አንተ ግን ስትሰማ ዝም በል።

ቤቴ መምጣት እፈልጋለሁ። ገና ነው ካልከኝ እቆያለሁ። መቼ ልምጣ?


ጥር 20

የልጄ እናት፣

መቼ ልምጣ ላልሽው መልሱን ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልነግርሽም። አትምጪ። ገና ነው። ሸማኔዎቹ በቤታችን በር ሲያልፉ ይተፋሉ። ክፍያቸውን ተቀብለዋል፣ ካንቺ እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ኩባንያው አዝኖላቸው የሰጣቸው ነው የሚመስላቸው። ‹ግማሻችን ዛሬ ሥራ ላይ በሆንን ነበር› ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አደራሽን አልጠበቅኩም። አትቆጪኝ፣ አልቻልኩም። ወረቀቱ በሩ ላይ የተለጠፈ ለት፣ ሰው ተሰብስቦ ስምሽን እየጠራ ሲያነብ፣ ከፈረቃ ወጥቼ መሐላቸው ገባሁ። ‹ሐሳቡን ልካልናለች› አልኩ። ‹ለኔ ነው የላከችው፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ እናንተ የላችሁም ነበር፣ አዳራሹ ሞልቷል ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ› አልኩ። ከማሽን በላይ በሚሰማው ድምፄ ነው የጮህኩት።

ከዚያ ፈታይዋ ጎረቤታችን ‹ተዉት፣ ባል ነው፣ ምን ያድርግ?› አለች። ሁሉም ተቀበላት። አክስታችንን ምስክር ጠራሁ፤ እዚያው ቆመው ነበር። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አደረጉና ‹እኔ ከአዳራሽ ከቀረሁ ቆይቻለሁ ልጄ› አሉ። ወር ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ከነበሩት አንዷ እሳቸው ነበሩ እኮ! የስንብቱን ክፍያ የወሰዱት በዚያው ሳምንት ነው፤ አልፈርድባቸውም። ሽማግሌው ደግሞ ምን እንደምል አልሰሙም። ፎርማኑ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹እንዲህ ያለ ባል ይስጠን› አለኝ። ሰዎች ሳቁ። አላባረሩኝም። አንድ ሰው እንኳ አልተቆጣኝም፤ ጭራሽ አከበሩኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ቦታ ይለቁልኛል፣ ምግባቸውን ይጋብዙኛል፣ ‹አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም› ይሉኛል። እኔም እቀበላቸውና እበላለሁ።

ስለ ሚጢጢ የጠየቅሽኝን ልዝለለው ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ከንፈሯ ተሰንጥቆ መጣች። ስላንቺ ያወራች ልጅ መትታ፣ እሷም ተመትታ ነው። ፊቷን አጠብኩላት። ‹እማዬ ሰዎቹን ሳትጠይቅ ነው ወይ እንቢ ያለችው?› አለችኝ።

ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። ለሰው ስናገር እንደዚያ ቀን ግልጽ ሆኜ አላውቅም። እናትሽ ጠይቃለች፣ ደብዳቤውን የላከችው ለኔ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የፈረመችው ለሴቶቹና ለኔ ብላ ነው አልኳት። ጥፍሬንም አሳየኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። እንደጨረስኩ ትንሿን እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች።

‹አባዬ› አለችኝ፣ ‹እማዬን እንዳልጠላት ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። አልጠላትም። ግን አንተ አትዋሽ።›

ከዚያ ደብተሯን አውጥታ የቤት ሥራዋን መሥራት ጀመረች።